እኩል አካፍሉ

ስሜ ትዕግሥት ነው። አምና ግንቦት ላይ፣ ከአንድ ዓርብ እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ፣ ይህ ስም ምንም አልሠራልኝም። የዚያን ሰሞን ነገር ነው የምነግራችሁ። ስጽፈው እንኳ ቆሽቴ እያረረ ነው፤ በማን ላይ እንደሚያርርም እየቆያችሁ ትረዱታላችሁ።

የተወለድኩት ጎጃም፣ ደጀን አካባቢ ነው። ወላይታ የመጣሁት በመምህርነት ተመድቤ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ሶዶ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ወደ ተበላ ከተማ ወርጄ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። አከራዬ የወንጌል አማኝ ናቸው። ረቡዕና ዓርብ ምሳ ሳልይዝ ስወጣ ሲያዩኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ እኛ በዓመት የማንጾመውን በሳምንት ትጨርሺዋለሽ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ከአገሬ ርቄ ስኖር የያዝኩት ነገር ቢኖር ጾሜና ጥንቃቄዬ ነበሩ። የፈተና ወረቀት ሁለት ጊዜ አርማለሁ። ማርክ ሁለት ጊዜ እደምራለሁ። ሰውን ሳላጣራ አልከስም፤ እንዲያ ነበር ስለ ራሴ የማስበው።

ተማሪዎቼ ግን ትዕግሥቴን ጨርሰውት ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። 3x = 12 ማለት አንድ ያልታወቀ ቁጥር ሦስት ጊዜ ተወስዶ አሥራ ሁለት ሆነ ማለት ነው፤ ሁለቱንም ወገን ለሦስት ስታካፍሉት አራት ይወጣል። አለቀ። እኔ ይህን ከጥቅምት ጀምሮ ሳስተምር ከርሜያለሁ። ሰሌዳው ላይ ለሦስትም ለአምስትም እያካፈልኩ አሳይቻለሁ፤ እነሱም ቆንጆ አድርገው ገልብጠዋል። ስጨርስ ዞር እልና፣ «ምን አልን? ሁለቱንም ወገን እኩል አካፍሉ!» እላለሁ።

«እሺ ቲቸር!» ይላሉ በአንድ ድምፅ።

«ገባችሁ?»

«አዎ ቲቸር!»

ከዚያ ይስታሉ። ነገ ደግሜ አስተምራለሁ፤ «አዎ ቲቸር» ይላሉ፤ ነገም ይስታሉ። አንዳንዴ ደግሞ ልክ ይሆናሉ፤ እሱ ነው የባሰ የሚያበሽቀው። ጨርሶ አለማወቅ አንድ ነገር ነው። ዛሬ አውቆ ነገ መርሳት ግን ንቀት መስሎ ይታየኝ ጀመር።

ግንቦት ላይ አሥር ጥያቄ ያለው ፈተና ሰጠኋቸው። ወረቀት ስለሚያጥረን የሚጻፈው መልሱ ብቻ ነው። ዘነበች የምትባል ዝምተኛ ልጅ አለች፤ በመስኮቱ በኩል፣ ከክፍሉ አንደኛ ከምትወጣው ልጅ ጎን የምትቀመጥ። ወረቀቷን ሳርም እጄ ቆመ። 2x = 10 ልክ ነው። 4x = 20 ልክ ነው። 8x = 40 ልክ ነው። 16x = 48፣ ከክፍሉ ውስጥ አብዛኛው የሳተው ጥያቄ፣ ልክ ነው! 3x = 12 ግን ስህተት፣ 5x ስህተት፣ 7x ስህተት፣ የቀሩትም ሁሉ ስህተት። ሁለት ጊዜ አረምኩት። 16x ሠርታ 3x የሚያቅታት ልጅ በዓለም ላይ የለችም፤ ስለዚህ ከባድ ከባዶቹን ከጎረቤቷ ወስዳለች አልኩ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ድምዳሜዬ አማረኝ።

ጊዜው ደግሞ ክፉ ነበር። የክልሉ ፈተና ቀርቧል። ርእሰ መምህሩ፣ «የኮረጀ ተማሪ ከተያዘ ስሙ ከተፈታኞች ዝርዝር ይወጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት ይደግማል» ብለው ለሁሉም ክፍል አውጀዋል። ዝርዝሩ ሰኞ ጠዋት ወደ ወረዳ ይሄዳል።

ዓርብ ክፍል ገባሁና አስነሣኋት።

«ዘነበች፣ እነዚህን አራቱን ከማን ወሰድሽ?»

«ከማንም፣ ቲቸር።»

«16x ሠርተሽ 3x አቃተሽ?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«እንዴት ሆኖ?»

«3x ከባድ ነው፣ ቲቸር።»

ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል ብዬ ጠበቅኩ። አንድም ሰው አልሳቀም። እንዲያውም ወደ ኋላ የተቀመጡት፣ ልክ ብላለች በሚል ዓይነት ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን አይቻለሁ፤ አይቼ ግን አላየሁትም።

«ነይ ሰሌዳው ላይ ሥሪው» አልኳት። 3x = 12 ብላ ጻፈች። ከሥሩ 1½x = 6 አለችና ቆመች።

«እኩል አካፍዪ እንጂ!»

«አካፈልኩ፣ ቲቸር።»

«የታለ? አላካፈልሽም!»

«እኩል ነው ያካፈልኩት። ሁለቱንም!»

«ዘነበች፣ አትከራከሪኝ። እኩል ስልሽ እኩል!»

ጠመኔውን አጥብቃ ይዛ ደግማ ጻፈች፤ ¾x = 3። ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «እኩል ነው ቲቸር» አለችኝ፣ ድምጿ እየተቆረጠ። እኔ ግን በሷ ቤት እያሾፈችብኝ መሰለኝ። ያን ዕለት ቁርስ ሳልቀምስ ነበር የወጣሁት፤ ሆዴም ልቤም ባዶ ነበር ማለት ነው። ቢሮ ሄጄ «ስትኮርጅ ተይዛለች» ከሚለው ቃል ሥር ፈረምኩ። ማን ያዛት? እኔ በዓይኔ አላየሁም። ማርክ ሁለት ጊዜ የምደምረው ጥንቁቋ እኔ፣ ያን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ በደንብ አላነበብኩትም።

እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጪ አንድ ረዘም ያሉ ሰውዬ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ሳሮ» አሉኝ፤ የአገሩ ሰላምታ ነው። «ቲቸር ትዕግሥት ነህ? እኔ አንጁሎ ነኝ፣ የዘነበች አባት። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቆሜያለሁ። የኦርቶዶክስ ጸሎት ይረዝማል ብለውኝ ነበር፤ እንዲህ ግን አልመሰለኝም።»

በአማርኛቸው ሴቱና ወንዱ ቦታ ይቀያየራል። ሐሳባቸው ግን አንድም ቦታ አልሳተም።

«የራሴን ጸሎት ዛሬ ትቼ መጣሁ» አሉ። «ልጄ ከዓርብ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። 'አልሰረቅኩም' ይላል፤ ልጄ አይዋሽም። አንተም የእግዚአብሔር ሰው ነህ ይላሉ፤ አትዋሽም። ሁለታችሁም ካልዋሻችሁ ታዲያ ውሸቱ የት ነው ያለው?»

እንደ ደንቡ ሰኞ ቢሮ እንዲመጡ ነገርኳቸው።

«ሰኞ ስሙ ይወጣል! ስሙ ከወጣ አለቀ። ዲምቱ ከተማ ያለው እህቴ አራት ልጅ አለው። 'ትምህርቱ ካልሆነ ልጅቷን ለኔ ስጡኝ፣ ልጆቼን ይይዝልኛል' ብሎ ልኳል። እናቱም እሺ ብሏል። ለአንድ ዓመት ይላሉ፤ ከዚያ የሚመለስ አላየሁም። ቲቸር፣ ና ራስህ ጠይቀው። ቢሮ ላይ አይደለም፣ ቤት።»

በሆዴ እያጉረመረምኩ ተከትያቸው ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ርቦኛል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ የተኮረጀ ነገር ቤት ድረስ ሄዶ የሚጣራው ምኑ ነው እያልኩ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ልጅቷ በአባቷ ፊት እንድታምንልኝ ነበር።

ቤታቸው የቆርቆሮ ክዳን ያላት ትንሽ ቤት ናት፤ ጓሮው እንሰትና ማንጎ ነው። እናቲቱ ጸሎት ቤት ነበሩ፤ ቤት ውስጥ የነበርነው ሦስታችን ብቻ ነን። ዘነበች ጥግ ላይ፣ ከበቆሎ ክምር አጠገብ ተቀምጣ ስታየኝ ተነሥታ አጎነበሰች። አቶ አንጁሎ እንግዳ ፊት በራስ ቋንቋ ማውራት ደስ አይላቸውም መሰለኝ፣ ልጃቸውን በአማርኛ አዘዟት።

«ዘነበች፣ ቦዬውን አምጣ። እኩል አካፍል።»

ቦዬ የሚሉት ወፍራም ሥራሥር ነው፤ ተቀቅሎ ከዳጣ ጋር ይበላል። ዘነበች ክንድ የሚያህለውን ቦዬ አመጣች፤ በዓይኗ ለካችና አንድ ጊዜ መሐል ለመሐል ቆረጠችው። አንዱን በሳሕን ለእኔ፣ አንዱን ለአባቷ አስቀምጣ ባዶ እጇን ወደ ኋላ አለች።

«ለአንቺስ?» አልኳት።

«እኔ ይቅርብኝ።»

«አባትሽ እኩል አካፍዪ አሉሽ እኮ። ሦስት ነን፤ ለሦስት ነበር የምታካፍዪው።»

በመገረም አየችኝ። «ለሦስት አላለም ቲቸር። እኩል ነው ያለው።»

ዳጣ ያስነካሁት ቁራሽ እጄ ላይ ቀረ። አባቷን አየኋቸው፤ እሳቸውም በልጃቸው ሥራ ምንም ስህተት ያዩ አይመስሉም፣ እያላመጡ ነው።

«ዘነበች» አልኳት፣ ቀስ ብዬ። «እኩል ማለት ምንድን ነው?»

የማጠምዳት መስሏት ወደ አባቷ ተመለከተች። «ግማሽ ነዋ፣ ቲቸር። በኛ ባጋ እንለዋለን። አንድ ኪሎ ተኩል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል… እንዲያ አይደል የምትሉት?»

ተኩል። ከእኩል። የገዛ እናቴ ግማሹን «እኩሌታ» ነው የምትለው። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ክፍል እየገባሁ፣ ሰዓቱን በአፌ እየጠራሁ፣ ቃሏን አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም። እነሱ አማርኛን ከገበያና ከሰዓት ነው ያገኙት፤ ገበያና ሰዓት ደግሞ እኩል ማለት ግማሽ ነው ብለው ነግረዋቸዋል። እኔ ስምንት ወር ሙሉ ሰሌዳው ፊት ቆሜ «ግማሽ አድርጉ! ግማሽ አድርጉ!» እያልኩ ስጮህ ኖሬያለሁ። እነሱም ታዝዘውኛል።

«16x = 48ን እንዴት ሠራሽው?»

ለመልሱ እስክሪብቶም አላነሣችም። «አሥራ ስድስት፣ ስምንት፣ አራት፣ ሁለት፣ አንድ። አርባ ስምንት፣ ሃያ አራት፣ አሥራ ሁለት፣ ስድስት፣ ሦስት። መልሱ ሦስት።»

«3x = 12ስ?»

«አንድ ተኩል ይሆንና ከዚያ ተኩሉ እየተሰባበረ ይሄዳል፣ አያልቅም። ከባድ ነው ያልኩሽ ለዚህ ነው።»

አቶ አንጁሎ ሳቅ አሉ። «ግማሹን እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አሉ፣ በኩራት። «ለመስቀል በሬ አርደን ሥጋ ስንካፈል መዳቢው እኔ ነኝ። አሥራ ስድስት ቤት ነን። ለሁለት እከፍላለሁ፣ እሱን ለሁለት፣ እሱንም ለሁለት። እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይቆጥራል።»

«ግን እኔ ሰሌዳ ላይ ለሦስት ሳካፍል አላየሽም?»

«አይቻለሁ። ገልብጫለሁ። ለምን ሦስት እንደሆነ ግን አላውቅም። ቲቸር የፈለገውን ቁጥር ይመርጣል ብዬ ነው።»

«ሦስተኛ ክፍል ማካፈል አልተማራችሁም?»

«ኮሮና ነበር። ማባዛት ስንጀምር ቤት ግቡ አሉን። ስንመለስ አራተኛ ናችሁ አሉን።»

እንዲህ ብላ ነገረችኝ፤ ምሬት የለባትም፤ ዝናብ ነበር እንደማለት ነው። አራተኛ ክፍል ያስተማራቸው ሰው ሦስተኛ ላይ ተምረውታል ብሎ አለፈ። አምስተኛ ላይ ያለውም፣ ስድስተኛ ላይ ያለውም እንዲሁ። ከሁሉ በኋላ እኔ መጣሁ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ያላገኘችውን ማካፈል ከአባቷ ቢላዋ ተምራ፣ ያላት እሱ ብቻ ስለሆነ በሁሉም ላይ ትሠራበታለች። ስለዚህ ቃሏ ብቻ አይደለችም ያሳተችን። ሥሩ ላይ ማካፈል ቢኖር ኖሮ «እኩል» የምትለው ቃል ብትጣመምም ልጅቷ ራሷ ታቃናት ነበር። ባዶ ቦታ ላይ ስለወደቀች ነው እዚያው የበቀለችው።

ከክምሩ አሥራ ሁለት በቆሎ አነሣሁና ፊቷ አስቀመጥኩ። «ሦስት ሰው ነን። ለእያንዳንዳችን አድርሺ፤ ማንም እንዳይበልጥ፣ ማንም እንዳያንስ።»

«ኢሲኖ፣ ናኡ፣ ሄዙ» እያለች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት በቋንቋዋ እየቆጠረች፣ ዙሪያውን አደለች። አራት አራት ደረሰን። ክምሮቹን አየች። ደብተሯን አየች። እንደገና ክምሮቹን አየች።

«ይሄ ነው እንዴ?»

«ይሄ ነው።»

«ታዲያ ለምን እኩል ትዪናለሽ?» ድምጿ ከፍ አለ፤ አባቷም ማላመጣቸውን አቆሙ። «ለሦስት በዪና! 5x ከሆነ ለአምስት በዪና! ዓመቱን ሙሉ እኩል፣ እኩል፣ እኩል!»

ስናደድ የከረምኩት እኔ ነበርኩ። በዚያ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መናደድ የሚገባው ሰው ተናደደ። አቶ አንጁሎ ሊገሥጿት ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። «ይተዉዋት፣ ልክ ናት» አልኳቸው። ከዚያ ያን ግማሽ ቦዬ ለሁለት ቆርጬ ሰጠኋት፤ አባቷም ከራሳቸው ቆርሰው ጨመሩላት። በላች።

ሚኒባስ ስጠብቅ አገሬ ላሉት ንስሐ አባቴ ደወልኩ።

«አባ፣ ያላየሁትን አየሁ ብዬ ፈርሜ ልጅ ከሰስኩ።»

«በማን ፊት?»

«በክፍሉ ፊት። ሃምሳ ይሆናሉ።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ትሠሪያለሽ? ሃምሳዎቹ ዘንድ ሂጂ እንጂ» አሉኝና ዘጉት።

ሰኞ ማለዳ ዝርዝሩ ፖስታ ውስጥ ገብቶ ታሽጎ አገኘሁት። ርእሰ መምህሩ የአካባቢው ተወላጅ፣ ቁም ነገረኛ ሰው ናቸው፤ ነገሬን ሲሰሙ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ቲቸር፣ ዓርብ ተይዛለች አልሽ። ሰኞ አልተያዘችም ትያለሽ። በሁለት ቀን ምን መጣ?»

«ቦዬ በላሁ» አልኳቸው።

«ቀልድ ነው?»

«አይደለም። አምስት ደቂቃ ይስጡኝና አብረን ክፍል እንግባ።»

ገባን። ሰሌዳው ላይ 3x = 12 ብዬ ጻፍኩ። «ደብተር አውጡ። ሁለቱንም ወገን እኩል አካፍሉ» አልኩ፤ ለመጨረሻ ጊዜ። ርእሰ መምህሩ በወንበሮቹ መሐል እየዞሩ ደብተር ያያሉ። 1½x = 6። 1½x = 6። 1½x = 6። በአንዱ ረድፍ ሄደው በሌላው ተመለሱ። ለሦስት ያካፈሉት በእጅ የሚቆጠሩ ናቸው።

አጠገቤ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ የጂኦግራፊ ሰው ነኝ» አሉ። «ግን እውነቱን ልንገርሽ? እኔም ግማሽ መስሎኝ ነበር።»

ወደ ክፍሉ ዞርኩ። ሃምሳ ፊት ቀላል አይደለም። «ዓርብ ዘነበችን ኮርጀሻል አልኳት። አልኮረጀችም። እኔ ያልኳትን ነው የሠራችው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዘነበች፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኩ። ዘነበች አንገቷን ደፍታ «እሺ ቲቸር» አለች፤ ያን ጊዜ ብቻ ነው ያ «እሺ ቲቸር» ልቤን የነካው። ከኋላ አንዷ፣ «ቲቸር፣ እንግዲያው የኛም ማርክ ይስተካከላላ?» ስትል ግን ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ፖስታው ተከፈተ። ስሟ ዝርዝሩ ላይ ተመለሰ። በክሱ ምትክ የጻፍኩት ደብዳቤ፣ «ተማሪዋ አልኮረጀችም፤ መምህርቷ የነገረቻትን በትክክል ፈጽማለች» ይላል። ርእሰ መምህሩ አንብበው፣ «እንዲህ ማለት ግድ ነው?» አሉኝ። ግድ ነው አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ የቀረንን ጊዜ በቆሎ ስንቆጥር ጨረስነው። መማሪያ መጽሐፉ ወደ ኋላ ቀረ። መምህራን ክፍል ውስጥ፣ «ስምንተኛ ክፍል ሦስተኛ ሆነ አሉ» እያሉ ቀለዱብኝ። ልክ ነበሩ፤ ሦስተኛ ክፍል የሚታለፈው በሰውነት ሳይሆን በጭንቅላት ነው፤ እኛ በሰውነት ብቻ አሳልፈናቸዋል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ መምህር ብትሆኑ፣ ልጇን የምታስጠና እናት ብትሆኑ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ገባህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ገባኝ» ማለትን ልጆች ከሁሉ በፊት ይለምዱታል። «ያልኩህን መልሰህ በራስህ ቃል ንገረኝ» በሉት። ልጅ ሲስት ደግሞ ከስህተቱ ሥር ብዙ ጊዜ የሆነ ሕግ አለ፤ በዚያ ሕግ ልክ ነው። ሕጉን ሳታዩ ቀይ አታስምሩ። እኔ አሁን መስከረም ላይ ክፍል ስገባ መጽሐፉን የምከፍተው ቆይቼ ነው፤ መጀመሪያ ምን ይዘው እንደመጡና ምን እንደጎደለባቸው እጠይቃለሁ። ጊዜ ይወስዳል። ያናድዳል። እርግጠኛ ሆኖ ስምንት ወር ከመጮኽ ግን ይሻላል። እንዲህ እያወቅሁ እንኳ፣ ዛሬም «እኩል» የምትለው ቃል ከአፌ ልታመልጥ ስትል ምላሴን እነክሳለሁ።

የክልሉ ፈተና ቀን ከግቢው በር ውጪ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ዘነበች ከሁሉ በኋላ ወጣች፤ እስክሪብቶዋን አሁንም አጥብቃ ይዛዋለች። ፊቷን ሳነበው ምንም አልነግርሽ አለኝ።

«እንዴት ነበር?»

«አንዱ ጥያቄ 7x ነበር፣ ቲቸር።»

«እና?»

ፈገግ አለች። «ለላፑና አካፈልኩት።»

ላፑና በቋንቋቸው ሰባት ነው።